አራት ቁጥር የሌለበት ሜኑ

ኦገስት 6፣ ረቡዕ
ዝናብ። ከባንኮኒው ሥር የደበቅሁትን መጽሐፍ አንድ ገጽ ሳልጨርስ ስልኩ አሥራ አንድ ጊዜ ጠራ። አባዬ ከመጥበሻው ቀና አይልም፤ እማዬ እንግሊዝኛ ስትሰማ ወደ ጓዳ ትሸሻለች። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ የዚህ ምግብ ቤት ጆሮ እኔ ነኝ። የቦይል ከተማ ሕዝብ በሙሉ ለእራት ምን እንደሚወድ አውቃለሁ። እኔስ ምን እወዳለሁ?... ስልክ ጠራ።

ኦገስት 9፣ ቅዳሜ
መውጫ አገኘሁ መሰለኝ። ደንበኛው በስልክ የሚያዝዘው በቁጥር ነው፤ እማዬ ደግሞ የእንግሊዝኛ ቁጥር እስከ መቶ ታውቃለች። ታዲያ ስልኩን ለምን አታነሣም? ሜኑው እንደገና ሊታተም ስለሆነ አዲሱን አስጠናታለሁ። በአሮጌው ከሦስት ቀጥሎ አምስት ነው የሚመጣው፤ በቻይንኛ «አራት» ሲባል «ሞት» የተባለ ስለሚመስል፣ ሞት ይጠራል ተብሎ ተዘሏል። አስተካከልኩት። ጉድለት እያየሁ ማሳተም አልችልም።
«አ-ፋን፣ አራትን ምን ብለሽ አስገባሽብኝ?»
«እማዬ፣ ቁጥር እኮ ነው። አይናከስም።»
«ገና ስላልነከሰሽ ነው።»

ኦገስት 27፣ ረቡዕ
ጋልዌይ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ። የጥንት ታሪክ! እስከ ማክሰኞ መልስ ካልሰጠሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ለእማዬ ነገርኳት። ያለችው አንድ ቃል ብቻ፦ «ስልኩስ?»
ተስማማን። ዓርብ ብቻዋን ታነሣለች። ከተሳካላት እሄዳለሁ። ካልተሳካላት...

ኦገስት 29፣ ዓርብ
አልተሳካም።
በስምምነታችን መሠረት ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። «ቁጥር ስንት?» ትላለች፣ ትጽፋለች፣ ወረቀቱን ለአባዬ ታቀብላለች። ኮራሁባት። ከዚያ ሰዎች ምግቡን ይዘው መመለስ ጀመሩ። ጡረታ የወጣችው ነርስ ኖሪን ቤርን ከረጢቷን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።
«የኔ ቆንጆ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ዶሮ በካሪ ስበላ ኖሬ ዛሬ የባሕር ምግብ፣ ሽሪምፕ? ፊንታን እኮ ሽሪምፕ ከቀመሰ ፊቱ እንደ ኳስ ይነፋል! ባሌን ልትገድሉልኝ ካሰባችሁ ቀድማችሁ ንገሩኝ እንጂ፤ ለቀብሩ ፀጉሬን እሠራ ነበር።»
ሰው ሁሉ ሳቀ። እማዬ ቃሉን ባትረዳም ሳቁን ተረዳችው። ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው።
«ጆሮዬ አርጅቷል። ያው ያንቺው ነው።»
ያው የእኔው ነው።

ኦገስት 31፣ እሑድ
ለኖሪን በምትኩ ዶሮ በካሪ ወሰድኩላት። ወጥ ቤቷ ገብቼ ሳስቀምጥ ማቀዝቀዣው በር ላይ ዓይኔ አረፈ። አሮጌው ሜኑአችን፣ ዘይት የጠጣ፣ በማግኔት የተለጠፈ። ሃያ ሦስት፦ ዶሮ በካሪ። እኔ ባሳተምኩት ግን ሃያ ሦስት ሽሪምፕ ነው። አምስት የነበረውን አራት ብዬ ስጽፍ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቁጥር ዝቅ ብሏል። በከተማው ማቀዝቀዣ ሁሉ ላይ ያለው ደግሞ አሮጌው ነው!
እማዬ ሃያ ሦስት ሰማች። ሃያ ሦስት ጻፈች። አባዬ በአዲሱ ሜኑ ሃያ ሦስትን አበሰለ። ምንም አልተሳሳተችም።
ስመለስ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። አልነገርኳትም። ለምን? ሰውን ሁሉ በጥንቃቄ ጉድለት የምወቅስ እኔ... መውጫዬን በገዛ እጄ ቆለፍኩት ለማለት አፈርኩ።

ሴፕቴምበር 1፣ ሰኞ
ነገርኳት።
«እማዬ፣ ጆሮሽ ደህና ነው። የሜኑውን ቁጥር አዛብቼ ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ።»
ቢላዋው ቆመ። «የሁሉንም ትክክል ሰምቻለሁ?»
«የሁሉንም።»
ስድብ ጠብቄ ነበር። ተነሥታ አዲሶቹን ሜኑዎች ከነካርቶናቸው ተሸክማ ጓሮ ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተቻቸው። እጇን አራገፈች። «አራትን አንቺ አስገባሻት፣ እኔ አስወጣኋት። በቃ።»
ስልኩ ጠራ። እንደ ልማዴ እጄን ስዘረጋ በጥፊ መታችው።
«ቁጥር ስንት?» አለች፣ በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብላ።
እስክንዘጋ በአሮጌው ሜኑ ሠራን፤ አንድም ከረጢት አልተመለሰም።

ሴፕቴምበር 2፣ ማክሰኞ
መልስ ላክሁ። እመጣለሁ።

ሴፕቴምበር 20፣ ቅዳሜ፣ ጋልዌይ
ናፍቆት ይሁን ስጋት፣ ወደ ምግብ ቤቱ ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ ተነሣ።
«ቁጥር ስንት?»
ድምፄን ለወጥ አድርጌ በእንግሊዝኛ «አራት» አልኳት።
ከኋላዋ የአባዬ መጥበሻ ይሰማል።
«አራት የለችም» አለች በቋንቋችን። «ጋልዌይ ሄዳለች። በይ ዝጊ፣ ሰው ማዘዝ ይፈልጋል።»
ዘጋችብኝ።
መጽሐፌን ገለጥሁ። ገጹን ጨረስኩ። ቀጣዩንም። ማንም አልጠራኝም።