ለናይሮቢ የተፎከረ

ኅዳር 9
ዳንግላ ዛሬ ገበያ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የእንስሳት ክሊኒኩ በር ላይ የጋሪ ፈረስ ተሰልፎ ዋለ። ደረቱ የቆሰለ፣ ኮቴው የተሰነጠቀ... እጄ አሁንም አዮዲን አዮዲን ይሸታል።

ምሳ ሰዓት ላይ ኔትወርክ መጣና ኬንያ ያሉትን ሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች ደግሜ አየሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ። ሞምባሳ ያለው የትምህርት ማስረጃ ብቻ ይበቃዋል፤ ትምህርቱ ግን ስለ ዶሮና ስለ ወተት ላም ነው። ናይሮቢ ያለው ስለ ጋማ ከብት ነው፣ ወጪውንም ይሸፍናል። ግን «ስለ ራስሽ ሁለት ገጽ ጻፊ» ይላል። ስለ ራሴ ሁለት ገጽ ምን ይጻፋል?

አብሮኝ የሚሠራው አበረ አየና «ሸጋ፣ ላንቺማ ሁለት መስመርም ይበዛል» አለኝ። መቀለዱ ነው። እውነቱን ነው ግን።

ኅዳር 22
ሞምባሳ ቀላል ነው። ቀላል ስለሆነ ብቻ ልሂድ? ዶሮ እንደሆነ አልወድም። ናይሮቢ አልኩ።

ታኅሣሥ 6
ጽፌ ላክሁ። «ባልደረቦቼ ባደረጉት ጥረት የጋሪ ፈረሶች ቁስል ቀንሷል፤ ለዚህ ያበቁኝን ወላጆቼንና አስተማሪዎቼን...» እያልኩ። ጨዋ ጽሑፍ ሆነ። እናቴ ብታነበው ደስ ይላት ነበር። «ሰው ያመስግንሽ እንጂ ራስሽን አታመስግኚ» እያለች አይደል ያሳደገችኝ?

ጥር 15
ከናይሮቢ መልስ መጣ። ለመክፈት ፈራሁ። አንዲት ፕሮፌሰር ናቸው የጻፉት። «ውድ ሸጋ ይሄነው፤ ስለ ወላጆችሽ አወቅሁ፣ ስለ አስተማሪዎችሽ አወቅሁ። አንቺን ግን ጽሑፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁሽ። እንደገና ጽፈሽ እስከ ጃንዋሪ 31 ላኪ፤ ካልሆነ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

ቆጠርኩት። በእኛ ጥር 23። አባዬ በየዓመቱ የሚጋልብበት የፈረሰኞች በዓል ቀን።

እንዴት ብዬ ነው «እኔ፣ እኔ» የምለው? አፍራለሁ። ይሄ ካመለጠኝ ደግሞ እዚሁ አዮዲን ስቀባ ማርጀቴ ነው...

ጥር 20
«እኔ» ብዬ እጀምርና እሰርዘዋለሁ። አበረን አንተ ጻፍልኝ አልኩት። «ምን ብዬ? ፈረስ ስታክሚ እንጂ ስትናገሪ ሰምቼሽ አላውቅ» አለ።

ጥር 23
ለበዓሉ ወላጆቼ ቤት፣ ቆሰበር መጣሁ። ከአባዬ ጋር ሜዳ ወጣን። ፈረሱን ቦራን ጎሕ ሳይቀድ ጀምሮ ሲያስጌጠው ነበር።

አባዬ ቤት ውስጥ ቃል አይወጣውም። ጎረቤት «ይሄነው፣ ዘንድሮ አዝመራህ አማረ» ሲለው «የእግዜር ነው» ብሎ መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። ፈረስ ላይ ሲወጣ ግን... «ዘራፍ! የአየለ ልጅ! የቦራ ጌታ! ጋልቦ የማይቀደም!» አለ። ሜዳው ሙሉ ሰማው። ማንም ነውር ነው አላለም፤ ሴቶቹ እንዲያውም እልል አሉለት።

ሲወርድ ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት።
«አባዬ፣ ራስን ማመስገን ነውር አይደል?»
«ነውር ነው።»
«ታዲያ አሁን ምን እያልክ ነበር?»
«ይሄማ ፉከራ ነው። ፉከራ ላይ አይዋሽም። ያላደረግሁትን ብል፣ አብሮኝ የነበረ ሰው ቆሞ ይሰማኛል።» ቦራን ውኃ ካጠጣ በኋላ «ምን ሆነሽ ጠየቅሽኝ?» አለ።
የናይሮቢውን ነገርኩት።
«የጋሪዎቹን ፈረሶች ማን ነው ያዳነ?»
«እኛ...»
«ማን ነው አልኩሽ።»
«እኔ።»
«እንግዲያ ሂጂና ፎክሪ።»

ቤት ገብቼ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ጻፍኩት። «ባለጋሪዎቹ እየሳቁብኝ፣ የፈረሱን ደረት የሚልጠውን ጠፍር በአሮጌ ብርድ ልብስ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። የቆሰለ ፈረስ ጋሪ አይጎትትም ብዬ ገበያ መሐል የተጣላሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ዳንግላ ውስጥ ሁሉም የሚጠቀልለው ከእኔ አይቶ ነው።» ያላደረግሁት አንድም የለበትም። ላክሁት። ካፍ ከወጣ አፋፍ... ፊቴ እስካሁን ይግላል።

መጋቢት 11
ተቀበሉኝ።

እናቴ አቅፋኝ አለቀሰች። አባዬ «ጥሩ ነው» ብሎ ወደ ፈረሱ ሄደ። ጥሩ ነው... በቃ? አንድ ቀን እንኳ ፊቴ ላይ ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ከፋኝ።

ነሐሴ 27
ነገ መንገድ ነው። አባዬ ሻንጣዬን በገመድ ሲያስር አመሸ። «ዚፕ አለው እኮ» ብለውም አልሰማኝም። ጭነት ካልታሰረ አያምንም።

ነሐሴ 28
መናኸሪያ ድረስ በባጃጅ ሸኘኝ። «በርቺ» አለ። ሌላ ምንም።

ጥር 23፣ ናይሮቢ
ዛሬ ክፍል ውስጥ ስለ ዳንግላ ፈረሶች ተናገርኩ። «እኔ» ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ፕሮፌሰሯ «አሁን አገኘሁሽ» አሉኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ አበረ ቪዲዮ ላከልኝ። ለበዓሉ ቆሰበር ሄዶ ኖሯል። አቧራ ብቻ... እልልታ... ከዚያ ቦራ፣ ላዩ ላይ አባዬ። «ዘራፍ!» አለ። «የአየለ ልጅ» እስኪል ጠበቅሁ።

«ዘራፍ! የሸጋ አባት!»

ሰው በተሞላ ካፌ መሐል አለቀስኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። አላፈርኩም።