የተነከሰች ብስኩት

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም ጥርስ። ከጠዋት እስከ ማታ ጥርስ። ክሊኒኩ ጓዳ ተቀምጬ ለአንድ ጡረተኛ መምህር ሙሉ የላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ጨረስኩ። ጀሶ ጋዋኔ ላይ፣ ጀሶ ፀጉሬ ላይ... ቤት ስገባ እቴቴ፣ "ዱቄት ቤት ተቀጠርክ እንዴ?" አለችኝ። አክስቴ ናት፣ ያሳደገችኝም እሷ ናት፤ እንዳሻት የመቀለድ መብት አላት።

ከእራት በኋላ ክሌዬን አወጣሁ። ስታሸው ሊጥ፣ ኦቨን ገብቶ ሲወጣ እንደ ፕላስቲክ የሚጠነክር ነገር። ጥፍር የምታህል ብርቱካን፣ ጥፍር የምታህል ኬክ፣ ከመንጠቆ ጋር የጆሮ ጌጥ የሚሆኑ። ቀን ጥርስ እሠራለሁ፣ ማታ ጥርስ የማይበግረው ምግብ። ጤነኛ ነኝ?

የብስኩትን ገጽ ለማሻከር እንደ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ የሚሆን የለም። ከጥርስ ወዴት አመልጣለሁ?

ኅዳር 6

ኦቨኑን ረሳሁት። ኬኮቹ ከሰል ሆኑ። እቴቴ መስኮት እየከፈተች፣ "ምግቡ ውሸት፣ ማረሩ እውነት!"

ኅዳር 9፣ እሑድ

ጉድ ፈላ። ብስኩቶቹ እንዲቀዘቅዙ ብዬ ሰሃን ላይ ትቻቸው ሱቅ ደርሼ ስመለስ፣ እቴቴ አፏን ይዛ ተቀምጣለች። አንዷ ከረሜላ መስላት... ቀጭ! የተሰበረው ግን ብስኩቱ አይደለም፣ ጥርሷ ነው። ያውም እኔ የሠራሁላት።

"ጥርሱን የሠራህ አንተ፣ ጥርስ ሰባሪውን የሠራህ አንተ። ምን ዓይነት ንግድ ነው ይሄ?"

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሷም ሳቀች፣ በድዷ። ነገ ጥርሷን ይዤ ሥራ መግባቴ ነው።

ኅዳር 11

የእቴቴን ጥርስ ጠግኜ መለስኩ።

ስለ ካርድ ክፍሏ ልጅ ጽፌ አላውቅም? ጠዋት ጠዋት በመስኮቷ የሥራ ወረቀት ታቀብለኛለች። "ባለ ጥርሱ፣ እንካ!" "እሺ።" በቃ፣ ወጋችን ይሄው ነው። ስትስቅ ግን የፊት ጥርሶቿ መሃል ያለችው ፍንጭት... ሥራ ማልጄ የምገባው ለእሷ ስል ነው። ይኸው ጻፍኩት። ማን ያየዋል?

ግን ስትስቅ ለምንድን ነው አፏን በእጇ የምትይዘው?

ኅዳር 12

ገባኝ። የክሊኒካችን ዶክተር የጥርስ ልክ የወጣበት ጀሶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። "ሁለት ስስ ሽፋን ሥራላት። የፊቶቹ ላይ እንለጥፍላትና ፍንጭቷ ይዘጋል።" የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እንኳን በጀሶ፣ በጨለማም አውቃታለሁ።

"ማን... ማን ዝጊ አላት?"

"ራሷ ናታ! በእህቷ ሠርግ ፎቶ ላይ ሁሉም ሲስቅ እሷ አፏን ይዛለች። ሰለቸኝ አለች።"

ከሰው ሁሉ እኔ! ያችን ፍንጭት የምደፍናት እኔ! ግን ምን ልበል? ጥርሱ የራሷ ነው።

ዶክተሯ በር ላይ ዞር ብላ፣ "ለልጄ ልደት ከእነዚያ ጉትቻዎችህ አንድ ጥንድ ሥራልኝ። ብስኩት ይሁን፤ ከጠርዙ የተነከሰ።" እሺ አልኩ። ዛሬ ለሁሉ ነገር እሺ ያልኩበት ቀን ነው።

ኅዳር 14

"ሽፋኖቹ የት ደረሱ?" "ቅርጹን የማወጣበት ሰም አልጠነከረም፣ ዶክተር።" ውሸት። ሰሙስ ከእኔ ይበልጥ ጠንክሯል።

ኅዳር 16፣ እሑድ

የዶክተሯን ጉትቻዎች ሠራሁ። ክሌዩን አሽቼ፣ ዳምጬ፣ በእስክሪብቶ ክዳን ቆረጥኩ። በጥርስ ብሩሽ ደብደብ ደብደብ። ቡናማ ጠመኔ ፍቄ ጠርዝ ጠርዙን ቀባ ሳደርገው አሁን ከዳቦ ቤት የወጣ መሰለ። ንክሻውን በሰም መቅረጫዬ አወጣሁ፣ እጄ እንደመራኝ። ከኦቨን ሲወጡ ምራቄን ዋጥኩ። እቴቴ አፏን ገጥማ፣ ራቅ ብላ ነው ያየቻቸው።

ኅዳር 18

ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ!

ምሳ ሰዓት ላይ ዶክተሯ ጉትቻዎቹን አውጥታ ለሁሉም ታሳያለች። ድንገት መነጽሯን አደረገች። "ቆይ... ይችን ንክሻ የት ነው የማውቃት?"

ያኔ እኔም አየሁት። ሁለት የጥርስ ጉድጓድ፣ መሃላቸው ጥርስ ሳይነካት ቀጥ ብላ የቀረች ስስ ግድግዳ። ፍንጭት ያለው ሰው ብስኩት ሲገምጥ እንዲያ ነው የሚተወው። ያውም ሁለቱም ላይ!

የካርድ ክፍሏ ልጅ አንዷን አነሳች። አገላብጣ አየቻት። ምላሷ የፊት ጥርሶቿን ሲዳስስ አየሁ። "ይችን ልዋሳት" አለችና ወጣች። ዶክተሯ ትከሻዬን መታ አድርጋ፣ "አይዞህ፣ እኛ ድሮም እናውቃለን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አለችኝ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የእኔን ክሌይ አወጣው።

ኅዳር 19

ወረቀት ስታቀብለኝ "ባለ ጥርሱ" አላለችኝም። ተቆጣች? ጨንቆኝ ለእቴቴ ነገርኳት። "ክሌዩ ካንተ ይሻላል፤ እሱስ ተናገረ።" እሷ ዘንድ ምክር ፍለጋ መሄዴ!

ኅዳር 20

ሽፋኖቹን ጨረስኩ። እንደነሱ ያማረ ሠርቼ አላውቅም። ለግሜ ብሠራቸው ራሴን እጠላው ነበር። አዝኛለሁ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ግን ያች ልጅ ፎቶ ስትነሳ እጇን ከአፏ የምታወርድ ከሆነ... እሺ። ለዶክተሯ አስረከብኩ።

ኅዳር 21

የክፍሌ በር ተንኳኳ። እዚያ ጓዳ ማን አንኳኩቶ ያውቃል? እሷ ናት። በአንድ እጇ እሽግ ብስኩት፣ በሌላው ጉትቻዋ። አንድ ብስኩት አውጥታ ገመጠች። ጠረጴዛዬ ላይ ባለው የጥርሷ ጀሶ ላይ አስቀመጠችው። ጉትቻዋን ከጎኑ።

ትልቅና ትንሽ። ንክሻው ግን አንድ።

"ልኬን ማን ሰጠህ?"

"ማንም... ጉትቻውን ስሠራ ጀሶውንም አላየሁ። እጄ ነው። ሳላስበው..."

"ያለ ካርድ?"

 እሷ ግን አልተቆጣችም። "ትናንት ይችን ይዤ መስታወት ፊት ቆምኩ። እስከዛሬ ጉድለት ነበር የምትመስለኝ። እዚህች ላይ ሳያት ግን አማረችኝ። ሽፋኑን ትቼዋለሁ ብዬ ለዶክተሯ ነግሬያታለሁ።" ከዚያ ጣቷን ቀስራ፣ "ደግሞ ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ!"

"አልመሰለኝም።"

"ትንሽ ይምሰልህ።"

የገመጠችውን ብስኩት ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጠችኝ። ቆሜ በላሁት። ደስ ብሎኛል፣ ሌላ ምን ልጻፍ?

ኅዳር 25

ዶክተሯ ሁለተኛዋንም ጉትቻ "ለባለ ንክሻዋ" ብላ ሰጠቻት። ለልጇ አዲስ ጥንድ ልሠራ ተቀመጥኩ። የማንም ያልሆነ ንክሻ ለመቅረጽ ብሞክር፣ ብሞክር... እጄ እምቢ አለ። በመጨረሻ የራሴን ጥርስ በመስታወት እያየሁ ሠራሁ። አያምርም፤ ቢሆንም ማንንም አያጋልጥም።

ኅዳር 30፣ እሑድ

እንግዳ መጣችልን። እቴቴ ክሌዩን ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ እውነተኛ ብስኩት በሰሃን አቀረበች። ራሷ ግን አንዱን በጥፍሯ ኳ፣ ኳ አድርጋ ሳትፈትሽ አልነከሰችም።

እንግዳዋ ከት ብላ ሳቀች። የተነከሱት ጉትቻዎች ጆሮዋ ላይ ተወዛወዙ። እጇ ወደ አፏ ሲነሳ አየሁ... ግማሽ መንገድ ደርሶ ሐሳቡን ቀየረና ብስኩት አነሳ።

እቴቴ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ! እንዴት ያለ ጥርስ ነው! አንተ ነህ የሠራህላት?"

"አይ እቴቴ። እኔ ምንም አልነካሁም።"