ያልተሳፈሩት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ሻይ፣ ቅጽ፣ ሻይ። የአምስቱ ከተሞች የአውቶቡስ አገልግሎት ማነጻጸሪያ ዘንድሮም ደረሰ። አምና አራተኛ ነበርን። ኃላፊው "ከአምስት አራተኛ ማለት ከመጨረሻ ሁለተኛ ማለት ነው" ብሎ ስብሰባ ከፈተ። ሒሳብ የሚያውቅ አለቃ ደስ ይላል።

ከሥራ ስወጣ ታላቅ እህቴ እትዬ ደወለች። የምትሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ አለቃ በማርፈዷ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷታል። ሦስተኛው ስንብት ነው። አውቶቡሱ ቀርቶ ነው ብትለው "አውቶቡሱን እኔ አልቀጠርኩትም" አላት። አንተ እኮ እዚያው ነህ፣ አንድ ነገር በልልኝ አለችኝ። እላለሁ አልኩ... ለማን?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
የእነ እትዬ መስመር፣ የኮረብታው፦ አማካይ የጥበቃ ጊዜ ስምንት ደቂቃ። ከከተማው አንደኛ። አውቶቡሱ የሚመጣው በሰዓት አንዴ ነው፤ ያውም ከመጣ። ስምንቱ ከየት መጣ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14
ጠዋት ኮረብታው ፌርማታ ቆሜ ቆጠርኩ። ሰው ይመጣል፣ ይጠብቃል፣ ሰዓቱን ያያል፣ በእግሩ ይወርዳል። ሠላሳ ስምንት ሰው። አውቶቡሱ ሲመጣ የተሳፈሩት ያኔ የደረሱት ስድስቱ ብቻ። ፌርማታው ላይ የመደብናት መዝጋቢ ስድስቱንና የጠበቁትን ጥቂት ደቂቃ ጻፈች። በእግር የወረዱትስ? አልኳት። መመሪያውን አሳየችኝ፦ "ያልተሳፈረ ሰው ተሳፋሪ ስላልሆነ አይመዘገብም።" ጥርት ያለ አማርኛ... የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ አንደኛ ከወጣችው ከተማ ቀድቼ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17
አንደኛዋ ከተማ ያለው ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ። እናንተ ጠብቀው በእግር የሄዱትን እንዴት ነው የምትቆጥሩት? ሳቀ። መመሪያውን እኮ ከእናንተ ነው የወሰድነው አለ። ማን ከማን እንደቀዳ ተከራክረን ሳንግባባ ስልኩን ዘጋን። ዕውር ዕውርን ቢመራው... ተረቱን መጨረስ አያስፈልግም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20
ስብሰባ። ኮረብታው ጥበቃው አጭር፣ ተሳፋሪው ትንሽ፤ እንግዲያው አገልግሎቱ ሞልቶ ተርፎታል፤ አውቶቡሱ ወደ መሃል ከተማ ይዛወር። ሠላሳ ስምንቱን አነሳሁ። ኃላፊው እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።
"ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ግን የወረዱትን እኛ ብቻ ብንቆጥር፣ እኛ ብቻ አምስተኛ እንወጣለን። ለአምስተኛ ደግሞ አዲስ አውቶቡስ የሚሰጥ የለም።"
የከፋው ነገር፣ እውነቱን ነው። ቃለ ጉባኤው መጣ። ባልፈርምስ?
ፈረምኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2
መስመሩ ተዘጋ። ለእትዬ ለመንገር ቀን ስመርጥ ነበር የከረምኩት። ፌርማታው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አነበበችው፤ ከነማኅተሙ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15
እትዬ ተሰናበተች። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ። ወደ ቤቷ በእግሬ ወጣሁ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። የሥራ ጋውኗን አጥባና ተኩሳ፣ ልትመልስ አጣጥፋዋለች። ይቅርታ ልል ስጀምር አቋረጠችኝ።
"ተወው፣ አንተ ምን ታደርግ።" ጋውኑን ወደ ጎን አደረገችና፦ "ያን ቀን እኮ ፌርማታው ላይ አይቼህ ነበር። ሥራ ላይ ነው ብዬ አልጠራሁህም።"
ከሠላሳ ስምንቱ አንዷ ነበረች። አላየኋትም... እቆጥር ነበራ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8
ሁለተኛ ወጣን። ቅጹን ስሞላ ኮረብታው ላይ የጥበቃውን ቦታ ባዶ ትቼው ነበር። አውቶቡስ የለ፣ ምን ይጻፋል? ኃላፊው ኮምፒውተሩ ባዶ አይቀበልም፣ ዜሮ በልበት አለኝ። አልኩበት። ዜሮ ደቂቃ። አማካዩ ወረደ፣ ደረጃችን ወጣ። በሚመጣው ወር አራቱ ከተሞች ልምድ ሊቀስሙ ይመጣሉ። አስረጂው እኔ ነኝ።

እትዬ ቤቷ ናት። ሥራ አገኘሽ ወይ ብዬ መጠየቁን ትቻለሁ፤ እሷም ስለ አውቶቡሱ መጠየቁን ትታለች። ዛሬ ቁጥሩን ደግሜ አየሁት። ስህተት ፈለግሁበት፣ አጣሁ። እዚያ ላይ ከእንግዲህ የሚጠብቅ ሰው የለም።