ልጄን «ደህና ነው» ላላችሁት ለሕክምና ቦርዱ

ለተከበራችሁ የሕክምና ቦርድ አባላት፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናችሁ እንዴት ነው? እንቅልፉም ምግቡም ተስማምቷችሁ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ አንድ ገጽ ውሳኔያችሁን አንብቤ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ግን ልጄን በሩብ ሰዓት አንብባችሁ ስለጨረሳችሁት አድናቆቴ ወሰን የለውም።

አንደኛ፣ አምቡላንስ አጣቢው ልጄ «አደጋው በደረሰበት ቦታ ስላልነበረ» ሕመሙ ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ሊባል እንደማይችል ጽፋችኋል። እውነት ነው፤ የተማሪዎቹ አውቶቡስ ሲገለበጥ እሱ ማጠቢያው ግቢ ነበር። ወደ እሱ የመጡት ልጆቹን ያመላለሱት ሰባት አምቡላንሶች ብቻ ናቸው። ሰባቱንም አጠበ። በአንደኛው ቃሬዛ ሥር ክዳኑ ያልተከፈተ የምሳ ዕቃ አገኘ፤ ለማን እንደሚመልሰው የነገረው ሰው አልነበረም። ዛሬ ቧንቧ ሲከፈት ከሰማ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ይላል፤ ሚስቱም ውሃ የምትቀዳው ከቤት እስኪወጣላት ጠብቃ ነው።

ሁለተኛ፣ ሐኪማችሁ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለቱን መዝግባችሁ «ታማሚው ደህንነቱን በራሱ አንደበት አረጋግጧል» ብላችኋል። ምን ይበል? ሰላም ላለው ሰው ሁሉ ብሶቱን እንዳይዘረግፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ሦስተኛውም የኔው ነው። ስለ ሕመሙ የሰጣችሁኝን ቅጽ በገዛ እጄ ስሞላ «ቅዠት አለው?» ለሚለው «የለውም» ብዬ ጻፍኩ። የማይተኛ ሰው እንዴት ይቃዣል? «አደጋውን ከሚያስታውሰው ነገር ይሸሻል?» ለሚለውም «አይሸሽም» አልኩ፤ ከማጠቢያው ወድቆ ተሸክመው እስኪያመጡልኝ ድረስ አንድ ቀን ከሥራ ቀርቶ አያውቅማ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ቅጽ ስለነበር የተጠየቅኩትን ብቻ መመለስ ያለብኝ መስሎኝ ነው። እናንተም የመለስኩትን ብቻ ስላያችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ሰኞ ወደ ማጠቢያው እንዲመለስ አዛችኋል። እባካችሁ፣ ከሰኞ በፊት አንድ ጊዜ አስጠርታችሁ ጠይቁት፤ ዝም ሲልም ትንሽ ጠብቁት።

ዕውቀታችሁን ያብዛላችሁ፤ የኛን ዓይነቱን ከደጃችሁ ያርቅላችሁ።

አክባሪያችሁ፣
የአምቡላንስ አጣቢው እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለአቤቱታዬ የቆረጣችሁልኝ ቀጠሮ ከስድስት ወር በኋላ መሆኑን ጸሐፊያችሁ ነግራኛለች። እስከዚያ በሕይወት ከቆየ ልጄ ራሱ ይመጣል፤ ካልቆየ እኔ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ታሞ እንደነበር ያለ ቅጽ ታምኑኛላችሁ።