የጭቃው በሬ

መጋቢት 3 ቀን 1930

ዛሬም ጭቃ። አያ ደምለው የጓሮ አፈር አቡክተው ክንድ የምታህል በሬ ሠሩልኝ። ሁዳዴ ነው፣ ሥጋ አይነካም፤ ስለዚህ ሥጋ መቁረጥ በጭቃ እማራለሁ። ዐይኔን በነጠላ ያስሩና የሸምበቆ ቢላዋ ያስጨብጡኛል። ታላቅ የሚባለው ብልት ከታናሽ የሚለይበትን በጣትህ ፈልግ ይሉኛል። ፈለግሁ... ሆዱን ቀደድኩት። ሳቁብኝ።

አያ ደምለው ሠላሳ ዓመት በአንድ ባላባት ቤት ሥጋውን በየብልቱ የሚለዩ ብልት አውጪ ነበሩ። ጣሊያን ገብቶ ባላባቱ ለአርበኝነት ጫካ ሲገቡ ወደ መንደራቸው ተመለሱ፤ አሁን የጎረቤቱን ቅርጫ ይቆርጣሉ። እኔም የዜማ ጉባኤያችን ሲበተን መሄጃ አጣሁ፤ ያስተምሩኝ አልኳቸው። ድምፄ ለዜማ አልሆነም። እጄስ ለቢላዋ ይሆን?

መጋቢት 9

ጥፍሬን አስቆረጡኝ፣ ጠጉሬን አስላጩኝ። ነጭ ሽርጥ፣ እጅጌ እስከ ክርን። ነጭ ለምን? ጎበዝ ቆራጭ ደም አይነካውም፣ ሰነፉን ነጩ ያጋልጠዋል አሉ። የኔ ሽርጥ እስካሁን ጭቃ በጭቃ ነው።

መጋቢት 11

ታላቅና ታናሽን ለየሁ። ፍሪምባው ላይ ተሳሳትኩ።

መጋቢት 17

ምነው ዛሬ ባልነጋ። የቢላዋቸው እጀታ ስለላላ ደብረ ማርቆስ ወስጄ ላስጠብቅ ወጣሁ። በእህል ከረጢት ውስጥ ክተተው ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ቆራጭ መስዬ ልታይ ብዬ ወገቤ ላይ ሻጥኩት። ኬላው ላይ የጣሊያን ወታደሮች የጦር መሣሪያ ነው ብለው ቀሙኝ። እኔንም ሊያስቀሩኝ ነበር...

ሠላሳ ዓመት የያዙትን ቢላዋ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ነገርኳቸው። ፊቴን፣ ትከሻዬን ዳበሱ።

«አለበል፣ አንተን መለሱልኝ አይደል? በቃ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 28

ደጃፍ ላይ ቆሜ ሳለ አያ ደምለው ከቤተ ክርስቲያን መጡ። ሦስት እርምጃ ሲቀራቸው «ማነው?» አሉ። በጠራራ ፀሐይ።

ሚስታቸውን ወይዘሮ ወለተ ሰንበትን ጠየቅኋቸው። እንባቸው መጣ። ከካቻምና ጀምሮ ጥላ ጥላውን ብቻ ያዩ ነበር፤ አሁን እሱም ጠፍቷል። ለማንም አትናገር፣ ማወቅህንም አይወቁ አሉኝ።

ለካ ዐይኔን ማሰራቸው የሙያው ወግ አልነበረም። ለሳቸው የቀረችው መንገድ በዳሰሳ መሥራት ናት፤ በዚያችው ይዘውኝ ሲሄዱ ኖረዋል። ያንን ቢላዋ እንደ ጣታቸው ያውቁት ነበር፤ በሱ ሲቆርጡ ማንም አልነቃባቸውም። እኔ አስቀማሁት። ለፋሲካ አሥር አባወራ ተዋጥቶ ወይፈን ገዝቷል፤ ቆራጩ እሳቸው ናቸው። አንዱ የድርሻ መደብ ካንዱ ቢበልጥ ሰው ዝም ይላል? በሰው ፊት ቢዋረዱስ? እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ። ምን ላድርግ?

ሚያዝያ 6

አወቀ የሚባለው ቀጥቃጭ ከተቃጠለ መኪና ብረት አዲስ ቢላዋ ሠራላቸው። ቀኑን ሙሉ ጭናቸው ላይ አድርገው ሲዳብሱት ዋሉ። ገና አልተላመድንም አሉ። አሥር ቀን ቀረ።

ሚያዝያ 11

የጭቃው በሬ ዛሬ ሳይቀደድ ብልት በብልት ወጣ። እሳቸው ደስ አላቸው። እኔ ፋሲካን አስቤ ፈራሁ።

ሚያዝያ 16፣ ፋሲካ

ወይፈኑ ተገፎ ቅጠል ላይ ተዘረጋ። አሥሩም ከበው ቆሙ። አያ ደምለው አዲሱን ቢላዋ አሳረፉ... መስመሩን ሳቱ። ጣታቸው ደማ። አንሙት፣ ከአሥሩ አፈ ሹሉ፣ ጎኑ ያለውን በክርኑ ጎሰም አደረገው።

እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም። ጮክ ብዬ፣

«አያ ደምለው፣ ለፋሲካ በሰው ፊት እፈትንሃለሁ ብለውኝ አልነበር? ዐይኔን ይሰሩኝ» አልኩ።

ብለውኝ አያውቁም። በፋሲካ ዋሸሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ነጠላቸውን አጣጥፈው አሰሩኝ። ሰው ጨዋታ መስሎት ሳቀ።

እኔ እቆርጣለሁ፣ እሳቸው እየዳበሱ ይቀበሉኛል። እለፍ... እለፍ... እዚህ ጋ ትንሽ ዝቅ ይሉኛል... ብልቱ ሁሉ ወጣ፣ አሥሩ መደብ ተደለደለ፣ ዕጣ ተጣለ። ያጉረመረመ የለም። አንሙት እንኳ መረቀኝ።

ነጠላውን ሲፈቱልኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«መቼ አወቅህ?»

«በመጋቢት።»

«እኔም ማወቅህን አውቄያለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ድንጋዩ ተለቅሞ አገኘሁት።»

ድንጋዩን መልቀሜን እዚህ እንኳ አልጻፍኩትም ነበር። እንባዬን በክንዴ ጠረግሁ።

ሚያዝያ 22

ለሠርግ ወደ ይጁቤ ተጠራን። መንገዱን ሁሉ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነበር፤ አንዴም አልተደናቀፉም። የሙሽራዋ አባት ቆራጩ መጡ ብለው ተነሡላቸው፣ ወንበር ሳቡላቸው። እሳቸው አልተቀመጡም።

«ቆራጩ እሱ ነው» አሉ። «የኔ ዐይን ጠፍቷል።»

በሰው ፊት ሲሉት የመጀመሪያቸው ነው። ድምፃቸው ደህና ነበር። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣

«በሉ ውኃ አምጡለት፣ አለበል እጁን ይታጠብ» አሉ።