የጥናት ዛፍ ቁጥር 31

ቀን፦ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአረንጓዴ ቀዬ የገጠር ኑሮና የተፈጥሮ ሀብት ጥናት ማዕከል
ለማዕከሉ ኃላፊ
ዲላ

ጉዳዩ፦ የጥናት ቁጥር የተመታበት ዋንዛ ልጆቼ የሚተኙበት ክፍል ላይ ሳይወድቅ እንድቆርጠው እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ደግነት ጅግሶ እባላለሁ። የምኖረው ከዲላ ወጣ ብላ ካለችው ከጪጩ ከፍ ብሎ ነው። በእናንተ መዝገብ ደግሞ «አባወራ 14» ነኝ። በስሜ ካጣችሁኝ በቁጥሬ ፈልጉኝ። እናንተ ዘንድ ሁሉም ነገር በተራ ቁጥር እንደሚሄድ ስላየሁ፣ እኔም አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ከማዕከሉ ጋር የተዋወቅነው በ2005 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ዶክተር የሆኑት አምሃ ያኔ ለመጀመሪያ ዲግሪ መጥተው እንሰቴን ቆጠሩ። ተመረቁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ተመልሰው እኔና ባለቤቴ ማንጠግቦሽ በቀን ስንት ሰዓት እንደምንሠራ ሰዓት ይዘው መዘገቡ። ማንጠግቦሽ በአምስት ሰዓት እንደምትበልጠኝ በጥናት ተረጋገጠ፤ ይህ ግኝት ቤታችን ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እሳቸው ተመረቁ። ለሦስተኛው ደግሞ ዛፎቼን ለክተው አርባ ሁለቱ ላይ የቆርቆሮ ቁጥር በምስማር መቱ። ተመረቁ። እኔ በዚህ ሁሉ መሃል አስራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ነኝ። ቅር አላለኝም፤ እንኳን ደስ ያላቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ቡላም ይወዳሉ።

2. ቁጥሩ ሲመታ አንድ ወረቀት ፈርሜያለሁ። «ጥናቱ እስኪያልቅ ቁጥር ያላቸውን ዛፎች አልነካም» ይላል። መቼ እንደሚያልቅ አልጠየቅኩም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ትምህርት የሚያልቅ መስሎኝ ነው።

3. ሌላም ጥፋት አለብኝ። በጥናቱ መጠይቅ ላይ ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ዛፍ ቆረጡ ስባል «አንድም» ብያለሁ። ሦስት ቆርጫለሁ። እንግዳ ፊት ቤቴን ላሳምር ብዬ እንጂ ለክፋት አልነበረም፤ የሰፈሩ ሰውም እንደኔው ነው የመለሰው። ያ መልስ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። አባወራ 14 «ዛፍን በገዛ ፈቃዱ የሚጠብቅ» ተብሎ ተጽፏል። አንዱ ቅጂ የቀበሌው ጠረጴዛ ላይ አለ።

4. ወደ ዋናው ጉዳይ ስመጣ፣ ቁጥር 31 ከቤቴ በላይ ቁልቁለቱ ላይ የቆመ ትልቅ ዋንዛ ነው። በሚያዝያው ዝናብ ከሥሩ አፈር ተንዶ ወደ ቤቱ ዘመመ። ከዋናው ቅርንጫፍ እስከ ጣሪያው ያለውን በገመድ እለካለሁ፤ ልኬት የተማርኩት ከእናንተ ነው።

ግንቦት 1፦ አራት ክንድ።
ሰኔ 15፦ ሦስት ክንድ ከስንዝር።
ነሐሴ 10፦ ሁለት ክንድ፣ እሱም ገመዱን ለቀቅ አድርጌ።

ከዚያ ጣሪያ ሥር ሁለቱ ልጆቼ ትጊና ሉሲ ይተኛሉ። ሌላ ክፍል አዛውራቸው ለምትሉ፣ ሌላ ክፍል የለም። ይህንን መጠይቁ ላይ ጥያቄ 22ን ስመልስ ነግሬያችኋለሁ።

5. ዝም ብለህ ቁረጠው ለሚለኝም መልስ አለኝ። ጎረቤቴ አለባቸው በጥር ወር፣ እሱም ቁጥር ከተመታባቸው ዛፎቹ ቁጥር 9ን፣ ያውም የደረቀውን፣ ቆርጦ ሦስት ቀን ታስሯል። ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ ሄጃለሁ፦

ሀ) ቀበሌ። ሊቀመንበሩ መጽሐፉን ገልጠው «ደግነት፣ አንተ እኮ ዛፍ የማትቆርጥ ሰውዬ ነህ፤ ምን ነካህ?» አሉኝ። ጣውላ ሊሸጥ ነው ብለውም ጠረጠሩኝ።

ለ) ወረዳ። ቁጥሩን የመታው ይንቀልልህ አሉኝ።

ሐ) የእናንተ ማዕከል፣ ሦስት ጊዜ። አቶ ፍሬዘር የሚባሉት ሠራተኛ በትህትና ተቀብለውኝ፣ ዶክተሩ ስለ ጌዴኦ ገበሬ ችግር ሊናገሩ ውጭ አገር ስለሄዱ ሲመለሱ ና አሉኝ። የጌዴኦ ገበሬው ከነችግሩ እዚሁ በራፍ ላይ ቆሟል ብላቸው ፈገግ አሉ። በሦስተኛው ቀን ግን ባዶ እጄን አልመለሱኝም። አዲስ መጠይቅ አስሞሉኝ።

6. ሉሲ ስምንት ዓመቷ ነው። «አባዬ፣ ዛፉ የዶክተሩ ከሆነ እሳቸው ቤት ላይ ለምን አይወድቅም?» ብላኛለች። ለዚህ መልስ ያለው ምሁር ካላችሁ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል። ታላቋ ትጊ ደግሞ ሰማይ ሲያጉረመርም የእህቷን እጅ ይዛ ጎረቤታችን ብዙነሽ ጋ ትሄዳለች። ብዙነሽ ደግ ናት፤ ነገር ግን ዝናቡ ገና ሁለት ወር አለው፣ እሷም የራሷ አምስት ልጆች አሏት።

7. ስለዚህ ክቡርነትዎን በትህትና የምጠይቀው፦

ሀ) ቁጥር 31 ይቆረጥ የሚል፣ ማኅተም ያለበት አንድ መስመር ወረቀት። ሁለት መስመር አልፈልግም።

ለ) የቆርቆሮ ቁጥሩን ከነምስማሩ እመልሳለሁ። ጣውላውንም ውሰዱት፤ ለዶክተሩ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይበቃል።

ሐ) ወረቀቱ የማይቻል ከሆነ፣ ዶክተሩ እስኪመለሱ ድረስ ማዕከሉ አንድ ተመራማሪ ልኮ ልጆቼ ክፍል እንዲያስተኛልኝ። ልጆቹ ብዙነሽ ጋ ይቆያሉ። ፍራሽ እኔ አቀርባለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አቶ ፍሬዘር ባስሞሉኝ አዲሱ መጠይቅ መጨረሻ ላይ፣ ዛፍ ሲወድቅ ምክንያቱ የሚመረጥበት ቦታ አይቻለሁ። ምርጫዎቹ ነፋስ፣ ጎርፍ፣ እርጅና ናቸው። ቁጥር 31 ከመልሳችሁ ቀድሞ ከወደቀ ሦስቱም ላይ ምልክት እንዳታደርጉ። አራተኛ መስመር ጨምሩና ይህ ማመልከቻ ገቢ የሆነበትን ቀንና የተቀበለውን ሰው ስም ጻፉበት።

ከአክብሮትና ከስጋት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ደግነት ጅግሶ
የትጊና የሉሲ አባት

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት (ከመጽሐፉ ጎን እንዲቀመጥ)