መስኮታችን ላይ የነበረው ብሳና

ኃይለኪሮስ፣

ኮምፒውተሩን እንዳትነካው! ለአንድ ሎጅ የምሠራውን የጫካ ሥዕል ሬንደር እያደረገ፣ የመጨረሻውን ምስል እያወጣ ነው፤ የሚጨርሰው ነገ ጠዋት ነው። ካውያም እንዳትሰካ፣ መብራቱ ይጠፋል። አንድ ቀን የተጨማደደ ሸሚዝ ለብሰህ አትላስ ሰፈር ብትታይ አትሞትም።

"ጫካ አይደል? አረንጓዴ ቀባውና ገላግለን" ትለኝ ነበር።
ቅጠል እኮ ዝም ብሎ አረንጓዴ አይደለም። ፀሐይ ከጀርባው ስትመታው ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ጥላውም ጥቁር ሳይሆን ወደ አረንጓዴ ያደላል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በየጠዋቱ መስኮታችን ላይ የነበረውን ብሳና ዛፍ እያየሁ ነው የተማርኩት። አጠገቤ ቁጭ ብለህ ስታየኝ ከርመህ፣ "ዲሼን ጋረደብኝ" ብለህ አከራያችንን አግባብተህ፣ እኔ ሥራ በዋልኩበት አስቆረጥከው።
ለኳስ!

ትናንት ጓደኛችን ሉላ ፊት መጮህ አልነበረብኝም። የምጸጸተው በእሱ ብቻ ነው።

እህቴ ዘሃራ ጋ ሄጃለሁ። ዕቃዬን ቅዳሜ እወስዳለሁ፤ ያን ቀን ቤት ባትኖር ደስ ይለኛል።

ሥዕሉ ሲያልቅ ከፊት አንድ ብሳና ታያለህ። ዛፉን ካስቆረጥከው በኋላ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በትዝታ ነው የሠራሁት። ጫካው ውስጥ ያለው ብርሃን ሁሉ የሚገባው በእሱ መሃል ነው።
አትጨነቅ፣ ዲሽህን አይጋርድብህም።

ሐሩን